ያደረ ጭረት

የዚያ ዓመት ክረምት ክፉ ነበር። መጀመሪያ ዝናቡ ዘገየ። ሲመጣ በረዶ ይዞ መጣ። በረዶው የእንቁላል ያህል ነበር ይላሉ፤ እኔ ያየሁት የለውዝ ፍሬ ያህል ነው። እሱም ይበቃል። የትምህርት ቤቱ መስኮት በአንድ ወገን ሙሉ በሙሉ ረገፈ። ዳቦ ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ፣ መለዋወጫ መደብሩ፣ ሁሉም በካርቶንና በላስቲክ ተሸፈነ። ብርዱ በየቤቱ ገባ። ከሰፈራችን ሁለት አሮጊቶች በሳንባ ምች ሞቱ። የአንደኛዋ ቀብር ላይም በረዶ ዘነበ።

እኛ መስታወት ገጣሚዎች ነን። ለሰው መዓት የሆነው ለእኛ ሲሳይ ነበር። ይህን ጮክ ብለን አንናገርም።

እኛ ማለት እኔና ጓደኛዬ ነን። ሰፈሩ እሱን "ኋሊት" ይለዋል። ትልቅ መስታወት ለሁለት ነው የሚያዘው። አንዱ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይሄዳል፤ ሌላው የኋሊት ይሄዳል። መንገዱን የሚያየው ይጠራል፤ "ደረጃ" ይላል፣ "ግራ" ይላል፣ "ዕቃ አለ" ይላል፣ "ደፍ" ይላል። የኋሊት የሚሄደው የተጠራለትን ያምናል። ሌላ ምንም የለውም። ጓደኛዬ ዕድሜውን ሙሉ የኋሊት ሄደ፤ እኔ ጠራሁለት። እኔን "አለቃ" ይለኛል። ለሹፈት ነው።

ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ሥራ በያዝን ሰሞን የኋሊት የምሄደው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሰው ግቢ መስታወት ይዘን ስንገባ፣ መጥራት ሲገባው ዝም አለ። የቤቱ ልጅ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ዓይኑ እዚያ ቀርቶ ነው። የበሩ ደፍ ተረከዜን ያዘኝና በቂጤ ቁጭ አልኩ። መስታወቱ ጭኔ ላይ አረፈ። አልተሰበረም። ልጅቱ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ "ለዛሬ ኋላውን እኔ ልያዝልህ፤ ነገ ትመልሳለህ" አለኝ።

ልጅቱን አገባት። ነገ ግን አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ክርክር ሆነ። እሱ "የኋሊት ዕዳ አለብህ" ይለኛል። እኔ "መጀመሪያ ደፏን ክፈለኝ" እለዋለሁ። ያን ዕለት ያልጠራልኝን ቃል ማለቴ ነው። ልጆች ወለድን፣ ልጆቹም ወለዱ፤ ክርክሩ ባለበት ነው።

በዚያ ክረምት ሥራው ሲበዛ ጓደኛዬ መክሳት ጀመረ። ሥራ ነው አልን። ምሳውን ግማሹን በልቶ የቀረውን ለሱቃችን ድመት ይሰጣል። ድመቷ ወፈረች። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ በሳ። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን ደረጃ መስታወት ይዘን ስንወጣ፣ ምንም ሳይል ቁጭ አለ። መስታወቱን ግን አልለቀቀም።

"ምነው?" አልኩት።

"ደረጃው ደክሞታል" አለኝ።

ጥቂት ሰንብቶ፣ ሱቅ ውስጥ ለዳቦ ቤቱ መስኮት መስታወት እያዘጋጀ ሳለ ሆዱን ይዞ ወጣ። ሐኪም ቤት አደረስኩት። ጨጓራው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሙ ጨጓራው በሙሉ መውጣት አለበት አለ። ጓደኛዬ ሰምቶ ሲያበቃ "በምን ልበላ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ አንጀቱ ወደ ላይ ተስቦ ከምግብ መውረጃው ቱቦ ጋር እንደሚገጠም አስረዳው።

"ሳያፈስ ይይዛል?"

"ይይዛል።"

"በምንድን ነው የምትገጥመው፣ እንደ መስታወት በስቱኮ?"

"በክር" አለ ሐኪሙ፣ ሳይስቅ።

ጓደኛዬ ሐኪሙን ወደደው።

ቀዶ ጥገናው ጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት አለቀ። እኔና ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እሷ ታወራለች፤ እኔ መስኮቱን አያለሁ። የኮሪደሩ መስታወት ጠበቅ ብሎ አልተገጠመም፤ ነፋስ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጣ። ያየውን ሁሉ አውጥቷል። የሚቀረውን በመድኃኒት እንከታተለዋለን አለ። ሚስቱ ማውራቷን አቆመች፤ ከዚያ አለቀሰች።

በማግስቱ ፋሻውን ሲቀይሩለት ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። መስመሩ ከደረቱ አጥንት ሥር ተነሥቶ፣ እምብርቱን በጎን አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥ ያለ ነው። በትናንሽ ብረቶች ተይዟል። ጓደኛዬ አየው። እኔም አየሁት። ተያየን።

መስታወት በመጋዝ አይቆረጥም። በመቁረጫው ጫፍ በላዩ ላይ አንድ ቀጭን ጭረት ታሰምራለህ። ከዚያ ከሥሩ ነካ ስታደርገው በዚያው መስመር ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ የተጫረ መስታወት ጠረጴዛው ላይ ካለ፣ ማንም ጠረጴዛውን አይገፋም። ይህ በእጃችን ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ነርሷ መጣች። ወጣት ናት፤ ስትሄድም ስትናገርም ፈጣን ናት።

"አባባ፣ ዛሬ እንነሣለን።"

"እነማን?"

"እርስዎና እኔ።"

"አንቺማ ተነሥተሻል" አላት።

"ቀልዱን ይተዉት። ካልተነሡና ካልሳሉ አክታው ሳንባዎ ውስጥ ይቀመጣል። እግርዎ ላይም ደም ይረጋል።"

"ልጄ፣ የተጫረ ዕቃ አይነካካም።"

"የምን ጭረት?"

ሆዱን አሳያት።

"ይኼ እኮ ስፌት ነው!"

"አንቺ ስፌት በይው።"

ወደ እኔ ዞረች። "አባባ፣ እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ።"

ሆዱን አየሁ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ጥሩ እጅ ነው የሠራው።

"እኔም ባልነካካው" አልኩ።

"ጭራሽ ሁለት ሆኑብኝ!" ብላ ወጣች።

አጠገቡ ባለው አልጋ የተኛው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሐሞቱን አውጥተውለታል። ኮሪደሩን ሲመላለስ ይውላል።

"ስማኝ ወዳጄ፣ ቆሞ የከረመ መኪና ባትሪው ይሞታል" አለው።

"አንተ ጎማህ ነው የተቀየረው" አለ ጓደኛዬ። "እኔ የፊት መስታወቴ ነው የተሰነጠቀው። ተሰንጥቆ ይነዳል?"

ሹፌሩ አሰበ። "እኔ ነድቻለሁ" አለ።

"ለዚህ ነዋ ጡረታ ያወጡህ።"

ጓደኛዬ አልተነሣም። አልሳለም። ሳል ሲመጣበት ውጦ ያስቀረዋል። ሳቅም እንዲሁ። በጀርባው ተኝቶ፣ እጁን በጎንና በጎኑ ዘርግቶ፣ ማሸጊያ ሣጥን ውስጥ እንደገባ ዕቃ ሆነ። ከዚያ ትኩሳት ጀመረው። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ድስት የሚፈላ ይመስላል። ሾርባ በማንኪያ ሲሰጡት ዓይኑን ሳይገልጥ አፉን ይዘጋል።

ሐኪሙ እኔንና ሚስቱን ኮሪደሩ ላይ ጠራን።

"ቀዶ ጥገናው ጥሩ ነው" አለ። "ሳንባው ግን እየተዘጋ ነው። ዛሬ ነገ ሳይባል መነሣት አለበት። አለዚያ ከካንሰሩ ያተረፍነውን ሰው በመተኛት እናጣዋለን።"

ሐኪሙ ሲሄድ ሚስቱ እጄን ያዘች።

"ወንድሜ፣ አንተ ንገረው።"

"ምን ብዬ?"

"እኔ ምን አውቄ። ዕድሜውን ሙሉ ሳያይ የሄደው አንተን ሰምቶ አይደል? እኔ 'ተነሥ' ስለው 'አንቺ ደግሞ' ይለኛል።"

"እኔም ራሴ መስመሩን ፈርቼዋለሁ።"

አየችኝ። ተቆጥታ ነው ያየችኝ። "ሁለታችሁም የተጠፈጠፋችሁት ከአንድ ጭቃ ነው" አለች። "ፍራው፤ ማን ከለከለህ። ግን እየፈራህ ንገረው።"

ምን እንደምለው አላወቅሁም። ወደ ሱቅ ሄድኩ። እሱ ከታመመ ጀምሮ ሱቁ ዝግ ነው። ድመቷ በር ላይ ትጠብቃለች፤ ከስታለች። ጠረጴዛው ላይ ለዳቦ ቤቱ የጫረው መስታወት እንዳለ ነው። ጭሮት፣ ሳይሰብረው ሆዱን ይዞ የወጣው ያን ዕለት ነው። አቧራ ለብሷል። ጠረግሁት። ጭረቱ ይታያል፤ የእሱ እጅ ነው፣ ገመድ እንደተወጠረበት ቀጥ ያለ። ዳቦ ቤቱ እስካሁን በካርቶን ነው ያለው። ሥራ ሥራ ነው ብዬ ከሥሩ ነካ አደረግሁት። እምቢ አለ። ጠንከር አድርጌ ነካሁት። ከጭረቱ ማዶ ሄዶ ተሰነጠቀ። በሌላው በኩል ሞከርኩ፤ በዚያም ዘሎ ተሰነጠቀ። ጭረቱ ደኅና ሆኖ መሃል ላይ ቀረ።

ቁጭ አልኩ።

ሙያውን ያስተማረን ሰው "ያደረ ጭረት ይድናል" ይል ነበር። ጭረህ ወዲያው ካልሰበርከው ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ በእሱ በኩል አይሰበርልህም። ይህን የማያውቅ መስታወት ገጣሚ የለም። እኛም እናውቃለን። ሆዱን ስናይ ጠፍቶን ነው።

ጭረቱ ያለበትን ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልዬ ተመለስኩ። የሐኪም ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ አስቆመኝ።

"ምንድን ነው?"

"መስታወት።"

"ለማን?"

"ለበሽተኛ።"

"በሽተኛ መስታወት ምን ያደርግለታል? ፊቱን ሊያይ ነው?"

"ሆዱን" አልኩ።

ዘበኛው ለረጅም ጊዜ አየኝ። "ስለት ነው፤ አይገባም" አለና ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ስለዚህ ባዶ እጄን ገባሁ። ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፍኗል። ፊቱ የስቱኮ መልክ ይዟል። ሚስቱ ራስጌው ቆማለች።

"ነቅተሃል?" አልኩት።

"አልነቃሁም።"

"ለዳቦ ቤቱ የጫርከው መስታወት።"

"ምን ሆነ?"

"ዛሬ ልሰብረው ብዬ ነበር።"

ዓይኑን ገለጠ። "ይኼን ሁሉ ቀን ካደረ በኋላ?"

"አዎ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ያደረ ጭረት ደግሞ ይሰበራል እንዴ?" አለ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው።

"አልተሰበረም" አልኩት። "ከጭረቱ በቀር በሁሉም በኩል ተሰበረ።"

ጣሪያውን እያየ አሰበ። "የታለ?"

"ይዤው መጥቼ ነበር። ዘበኛው ቀማኝ።"



"ይኼን የነገርከኝ ልታጽናናኝ ነው?"

"አዎ።"

"በመስመሩ አትሰነጠቅም፤ በሌላው በሁሉም በኩል ትሰነጠቃለህ ነው የምትለኝ?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

"እንደሱ ይመስላል" አልኩ።

ሹፌሩ ሐሞቱ የነበረበትን ቦታ በእጁ ደግፎ ሳቀ። ሚስትየው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጓደኛዬ ከንፈሩን ነከሰ፣ ትንፋሹን ያዘ፤ ሳቁ በአፍንጫው ወጣ። ሳቁ ሳል ይዞ መጣ። ነርሷ ከየት እንደደረሰች አላውቅም፤ ትራስ ሆዱ ላይ ጣል አድርጋ እጆቹን አሳቀፈችው። "ይበርቱ አባባ! ይሳሉ! ወደ ውጭ!" ሳለ። ቢጫ ነገር ወጣ። ደግሞ ሳለ። ደም ሥሩ ተገተረ፣ ላብ አጠመቀው፣ አልጋው ተንቀጠቀጠ።

ሲያበቃ ሁላችንም ትራሱን አየን። ጓደኛዬ ትራሱን ቀስ ብሎ ከአንድ ጫፍ አነሣው። ብረቶቹ በየቦታቸው ናቸው።

"ይዟል" አለ።

"ይዟል" አልኩ።

"አድሯል ማለት ነው።"

"እኔስ ይኼን ሁሉ ቀን ምን ነበር የምለው?" አለች ነርሷ። ልክ ነበረች።

ጊዜ አልሰጠችንም። እግሮቹን አውርዳ አስቀመጠችው፤ ከዚያ አቆመችው። እንደ ማጭድ ጎብጦ ቆመ፤ ዓይኑ ከገዛ ጫማው ሌላ አያይም። ከጎን ደግፋ ልታስኬደው ሞከረች። አልተንቀሳቀሰም።

"በአንድ ጎን የተያዘ መስታወት ይጠመዘዛል" አላት።

ነርሷ ወደ ሰማይ አየች።

ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ክንዶቹን ከሥር ያዝኩ። እሱም ክንዶቼን ያዘ። አያያዙን እጃችን ያውቀዋል። ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ።

"ምን ልትሆን ነው?" አለ።

"ኋላውን ልይዝ።"

"አንተ?"

"እኔ።"

"ትወድቃለህ።"

"ጥራልኛ።"

ሊጠራልኝ መንገዱን ማየት ነበረበት። መንገዱን ለማየት ቀና ማለት ነበረበት። ቀና አለ፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም።

"ቀጥል" አለ። የዝንብ ድምፅ ነው።

"አልሰማሁም።"

"ቀጥል!"

ሄድኩ። ጉልበቴ በዚያ በኩል መሄድን ረስቶታል። ማጅራቴን በረደኝ። እሱ ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ነበር የሚሄደው።

"ኋላ ማርሽ ገባ!" አለ ሹፌሩ ከአልጋው። "በመስታወትህ እያየህ!"

"መስታወቱን ዘበኛው ቀምቶታል" አለ ጓደኛዬ። ከዚያ ለእኔ "ግራ" አለኝ።

ወደ ግራ ሄድኩ። የምግብ ጋሪ ወገቤን መታኝ፤ ሰሃኖቹ ተንጫጩ።

"የእኔን ግራ ነው ያልኩህ" አለ።

"የኔን መሰለኝ።"

"ዕድሜ ልክህን የጠራህልኝ በራስህ ግራ ነው፣ አለቃ። እኔ ገልብጬ ነበር የምሰማህ። እስቲ አንተም ተማር።"

በዚያ ቀን ከአልጋው እስከ ኮሪደሩ መስኮት ሄደን ተመለስን። ነፋስ የሚያንቀጠቅጠውን መስታወት ሲያይ "ማነው ይኼን የገጠመው?" ብሎ ተቆጣ። ነርሷ ቁጣው ጥሩ ምልክት ነው አለች።

ከዚያ በየቀኑ ሄድን። ትኩሳቱ ወረደ፤ ደረቱ ውስጥ ያለው ድስት ጠፋ። ድምፁ ከዝንብ ወደ ሰው ተመለሰ። ኮሪደሩ ላይ የሚያዩን በሽተኞች "መስታወቱ የታለ?" ይላሉ። አንድ ቀን ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ። እኔም ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። በማግስቱ ዞረ።

ምግቡ ትንሽ ትንሽ ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ወፍ ይቀማምሳል። ካበዛ ያልበዋል፣ ይመልሰዋል። "ከእንግዲህ ምስጢር ነግራችሁኝ 'ሆድ ይፍጀው' እንዳትሉኝ" አለን። "የሚፈጅ የለኝም።"

"ድሮስ ምስጢር ይዘህ ታውቃለህ?" አለች ሚስቱ።

ብረቶቹ የተነቀሉ ዕለት ጠባሳውን በጣቱ እየተከተለ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሄደበት። ሌላ አልነካውም። እንዲወጣም ተፈቀደለት። የሚቀረውን መድኃኒት እየተመላለሰ ይወስዳል ተባለ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሐኪሙ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሊወጣ ሲል ሊፍቱ ተበላሸ። ነርሷ ሁለት ሰው ጠርታ በወንበር ልታስወርደው አሰበች።

"እኔ ቁም ሣጥን ነኝ?" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ክንዶቹን ዘረጋልኝ።

ደረጃው አናት ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ክንዶቹን ያዝኩ። የኋሊት መውረድ ከሁሉም ይከፋል። ሲሳሳቱበት የሚቀመጡበት የለም።

"ኧረ እባካችሁ! ሁለታችሁም ሽማግሌ ናችሁ!" አለች ሚስቱ ቦርሳውን አቅፋ ከኋላው።

"አንቺ ልብስሽን አስጪ" አላት።

"ደረጃ" አለኝ። እግሬን አወረድኩ። "ደረጃ።" አወረድኩ። "ደረጃ። ቁም። ሰው ይለፍ።" በየመታጠፊያው እናርፋለን፤ እሱ ይተነፍሳል፣ እኔም እተነፍሳለሁ። ነርሷ ከላይ አንገቷን አስግጋ ታየን ነበር። "በሰላም ይግቡ አባባ!" አለች። "አንቺም ተኚ" አላት፤ ሳቋ እስከ ታች ተሰማ።

ምድር ቤት ደረስን። የዘበኛው ጠረጴዛ በጎኔ ሲያልፍ ያችን ቁራጭ አየኋት። ጠረጴዛው ላይ አንጥፏታል፤ ከሥሯ የእግር ኳስ ውድድር ፕሮግራም አድርጓል። ጭረቱ በመሃሏ ቀጥ ብሎ ይታያል። አልጠየቅሁትም።

የውጭው በር ቀረ። ከፍ ያለ ደፍ አለው። አውቀዋለሁ፤ ያን ሁሉ ቀን ተመላልሼበታለሁ። ቢሆንም ዝም ብዬ የኋሊት ሄድኩ።

ጓደኛዬ አንገቱን መልሶ ሚስቱን አየ። ቦርሳውን ታቅፋ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ እግሮቻችንን እየተመለከተች ነበር። ቆየባት። ተረከዜ እንጨቱ ጋ ሊደርስ ምን ቀረው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ አየር ሳበ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ደፍ!" አለ።

ዘበኛው ከወንበሩ ተነሣ። እኔ ተረከዜን አነሣሁ፤ ተሻገርኩ።

"ደረሰኝ" አልኩት።

"ምኑ ነው የደረሰህ?" አለች ሚስቱ ከኋላ።

"በአንቺ የተነሣ የቀረ ነገር ነው" አላትና እሱም ደፉን ተሻገረ።